45 ዓመት ቪክተር ኒውማን ሆኖ የኖረ ሰው፦ ተዋናይ ነው ወይስ ቋሚ ሠራተኛ?

መነሻ

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የመድረኩ ኃላፊ አዲስ የሚገባ ሰው 31 ምላሽ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚታክተው ፍሬ ነገሩን አውጥቼ እንድጽፍ ጠየቀኝ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ተናዶ የጻፈ ሰው በማግስቱ የጻፈውን መልሶ ማየት አይወድም፤ እኔም ከእነዚያ አንዷ ነኝ።

ነገሩ የተነሣው ከሥራዬ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንዲት የ88 ዓመት አሮጊት ተንከባካቢ ነኝ። ጠዋት ገላዋን አጥባታለሁ፣ ኪኒኖቿን እንደየሰዓታቸው እሰጣታለሁ፣ ምሳዋን አቀርባለሁ። 12፡30 ሲሆን ግን ቤቱ ቅዳሴ የተገባበት ይመስላል። ስልክ አይነሣም፣ በር ቢንኳኳ አይከፈትም፣ እኔም ሳህን ማጠቤን አቆማለሁ። የፒያኖው ዜማ ሲጀምር መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ ወልውላ ታጠልቅና ሰውዬዋን ትጠብቃለች። ሰውዬዋ ቪክተር ኒውማን ነው፤ «ዘ ያንግ ኤንድ ዘ ሬስትለስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ባለጸጋ፣ ቂመኛ፣ ጢሙን የተከረከመ፣ ድምፁ ከደረቱ ሥር የሚወጣ። በመጀመሪያው ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼ ልብስ አጥፍ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ልብሱን ቀድሜ ማጠፍ ጀመርኩ።

ታዲያ አንድ ቀን ከንክኖኝ ጻፍኩ። ኤሪክ ብሬደን የተባለው ተዋናይ ይህን ሰው መጫወት የጀመረው በ1980 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ተዋናይ ማለት ዛሬ ንጉሥ ነገ ለማኝ የሚሆን ሰው ከሆነ፣ ከ45 ዓመት በላይ አንዱን ሀብታም ብቻ ሆኖ የሚውል ሰው ምን ይባላል? እኔ በበኩሌ ጠዋት ፈርሞ የሚገባ፣ ማታ ፈርሞ የሚወጣ ቋሚ ሠራተኛ ነው ብዬ ፈረድኩ። የፈረድኩት ስለ ሰውዬው ሦስት መስመር እንኳን ሳላነብ ነበር።

ምላሾቹ

1ኛው ከአዲስ አበባ መጣ፤ ስለ ተዋናዩ ሳይሆን ስለ ሰዓቱ። ጸሐፊው 12፡30 የሚለውን አንብቦ፣ አሮጊቷ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምሳ የምትበላው ለምን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። እውነቱን ነው። አሜሪካ ገብቶ የከረመ ሰው ሰዓቱን ሳያውቀው ይለውጣል። እኩለ ቀን ከሠላሳ ደቂቃ፣ ማለትም በእኛ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ እዚህ ላይ ታርሟል።

2ኛዋ የዳላስ ነዋሪ ናት። እነሱ ዘንድ ድራማው አንድ ሰዓት ቀድሞ በ11፡30 እንደሚታይ ጽፋ፣ ከዚያ እኔ ማወቅ የነበረብኝን ዘረዘረች። ድራማው በሲቢኤስ ቴሌቪዥን የተጀመረው መጋቢት 1973 ላይ ሲሆን የፈጠሩት ዊልያም ቤልና ባለቤቱ ሊ ፊሊፕ ቤል ናቸው። ታሪኩ የሚካሄደው ዊስኮንሲን ውስጥ ጄኖዋ ሲቲ በተባለች ከተማ ነው። መጀመሪያ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ነበር፤ ሙሉ ሰዓት የሆነው በፌብሩዋሪ 1980 ነው፤ ብሬደንም የገባው በዚያው ወር። ለዘለቄታ አልመጣም። ለጥቂት ሳምንታት ክፉ ባል ሆኖ፣ የሚስቱን ወዳጅ ምድር ቤት ውስጥ ቆልፎበት፣ ተመልካች ጠልቶት እንዲሄድ ነበር የታሰበው። ተመልካች ጠላው፤ ግን እንዲሄድ አልፈለገም። የዳላሷ እህት በጨዋ አነጋገር ያለችኝ ነገር ቢኖር፣ ለጥቂት ሳምንት ተቀጥሮ 45 ዓመት የሰነበተን ሰው ቋሚ ሠራተኛ ከማለቴ በፊት ቋሚ ያደረገው ምን እንደሆነ መጠየቅ እንደነበረብኝ ነው።

3ኛው ይህ ዓይነት ድራማ በእንግሊዝኛ ስሙ ለምን ከሳሙና ጋር እንደተያያዘ አስረዳ። በሬዲዮ ዘመን የቤት እመቤቶች ቀን ቀን ያዳምጡት ስለነበር ወጪውን የሚሸፍኑት ሳሙና አምራቾች ነበሩ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው፤ እንለፈው።

4ኛው ምላሽ ላይ ግን እንቀመጥ። ጸሐፊው ከአርባ ዓመት በላይ ሎስ አንጀለስ የኖሩ አባት ናቸው፤ ለሁላችንም «እርስዎ» እያሉ ይጽፋሉ። ድራማው የሚቀረጽበት ሕንፃ በቤቨርሊና በፌርፋክስ ጎዳናዎች ማእዘን ላይ መሆኑን ካስታወሱን በኋላ፣ ያንኑ የፌርፋክስን ጎዳና ይዞ ወደ ደቡብ የነዳ ሰው ኦሊምፒክ ጎዳናን እንደተሻገረ የበርበሬ ሽታ እንደሚቀበለው ነገሩን። በ2002 በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የተባለችው ሰፈር እዚያው ጎዳና ላይ ናት። ቪክተር ኒውማንና ክትፎ የአንድ መንገድ ልጆች መሆናቸውን እኔ አላውቅም ነበር።

እኚህ አባት ታክሲ ነድተዋል። ተዋናዩን አንድ ቀን እንኳን አላዩትም፤ ያዩት በድራማው ልብስ ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴት ነው። በጨለማ ያሳፍሯታል፤ ጉልበቷ ላይ የወረቀት ቁልል ታስቀምጥና እንቅልፍ ይወስዳታል። አንድ ጠዋት ፍሬን ሲይዙ ወረቀቱ ተበተነ። እያበሩ ሲለቅሙላት፣ ያ ሁሉ የአንድ ቀን ሥራ ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። ሲኒማ ሲቀረጽ በቀን ሁለት ሦስት ገጽ ከተሠራ ደህና ነው። እዚህ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አንድ ሙሉ ክፍል ይጠናቀቃል፤ ልምምዱ ጥቂት ነው፤ ዋና ተዋናዩ ማታ ቤቱ ገብቶ የነገውን ይሸመድዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴሌቪዥን ላይ ያንን ሰው ሲያዩ የሚታያቸው የመኪናቸው ወለል ላይ የተበተነው ወረቀት እንደሆነ ጽፈዋል።

5ኛው ወጣ ያለ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ብዙ ኩንታል የተሸከመ ሁሉ ጀግና እንደማይባል፣ ብዙ ገጽ መሸምደድም ከቆሎ ተማሪ እንጂ ከኪነ ጥበብ ጋር እንደማይገናኝ ጻፈ። የሞተ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ በር ከፍቶ የሚገባበትን ድራማ አንድም ቀን ተቀምጦ እንዳላየ፣ ለማየትም እንደማያስብ አከለበት። ለእኔም «አንቺ» አለኝ፤ በዚህ መድረክ ላይ ለማናውቀው ሰው «አንቺ» የምንለው ስንቀርበው ወይም ስንንቀው ነው። ሲቀርበኝ አልነበረም።

6ኛው የክሩን አቅጣጫ የለወጠ ነው። የሚኒያፖሊሱ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበ፤ ኤሪክ ብሬደን የሚባል ሰው እንዳልተወለደ ስንቶቻችን እናውቃለን የሚል። ሰውዬው ሃንስ ጉደጋስት ነው። የተወለደው ሚያዝያ 1941፣ ሰሜን ጀርመን ኪል ውስጥ፣ ቦምብ በሚዘንብበት ጊዜ ነው፤ ያደገው በአቅራቢያው ባለች ብሬደንቤክ በምትባል መንደር። አባቱ የመንደሩ ከንቲባ ነበሩ። ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው አባትየው ሞቱ፤ ቤቱም ተራቆተ። ልጁ ዲስክና ጦር ወርዋሪ ሆነ፤ በ1958 ቡድኑ የጀርመን ወጣቶች ሻምፒዮን ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ18 ዓመቱ፣ መርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ ገባ። መጀመሪያ ቴክሳስ ዘመድ ዘንድ፣ ከዚያ ሞንታና ከብት ጥበቃ። ሚዙላ ያለው ዩኒቨርሲቲ በአትሌቲክስ ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠው፤ ቀን ተማሪ፣ ማታ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ። ከአንድ ጓደኛው ጋር በትንሽ ጀልባ የአይዳሆን የሳልመን ወንዝ ሽቅብ ወጡ፤ ያንን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም አከፋፋይ ሲፈልጉ ነው ሎስ አንጀለስ የደረሰው።

ይህን ሳነብ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፤ መውረጃዬን አለፍኩ። ቀን ትምህርት ማታ ሥራ የሚለውን ታሪክ በዚህ መድረክ ላይ ስንቱ ሰው ስለራሱ ጽፎታል! የፈረንጅ ሀብታም መስሎኝ ስንቀው የነበረው ሰው ሻንጣ ይዞ የመጣ ስደተኛ ነው።

7ኛው ምላሽ የዚያው ሰው ቅጥያ ነው። ጉደጋስት በስሙ እየተጠራ በ1966 «ዘ ራት ፓትሮል» የተባለ ተከታታይ ድራማ ላይ ገባ፤ በሰሜን አፍሪካ በረሃ የሚዋጋ የጀርመን ካፒቴን ሆኖ። በየቴሌቪዥኑ ጀርመናዊ ወታደር ሲሆን ከረመ፤ አነጋገሩ ሌላ አያስገኝለትም ነበርና። ከዚያ በ1970 ለወጣ አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ለመሪ ተዋናይነት ታጨ። ብሬደን ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የዩኒቨርሳል ፊልም ኩባንያ አለቃ የነበሩት ሉ ዋሰርማን የጀርመን ስም ያለው ሰው የአሜሪካ ፊልም መሪ ሆኖ እንደማይወጣ አስታወቁ። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ በኋላ እሺ አለ። «ብሬደን»ን የወሰደው ከብሬደንቤክ ነው። የአባቱን ስም አጥቶ የመንደሩን ስም ቆርጦ ያዘ።

8ኛው ወዲያው ደረሰ። ጸሐፊው ስሙን ለፊልም የሸጠ ሰው ነገ ምን እንደማይሸጥ ጠየቀ፤ አባት የሰጠው ስም ዕቃ እንዳልሆነ፣ እኛ ሀበሾች ብንሞት እንደማናደርገው አስረግጦ። 9ኛዋ ለእሱ የሰጠችው መልስ አጭርና መራራ ነበር፤ እሱ ራሱ እዚህ መድረክ ላይ የሚጽፈው በፈረንጅ ስም መሆኑን ጠቆመችው።

10ኛው የእኔ ነው፤ ረጅም ነበር፤ አሳጥሬዋለሁ። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ድርጅት ውስጥ የመዝገብ ሠራተኛዋ ስሜን ሁለት ጊዜ ሞክራ፣ በሦስተኛው መሐሉን ዘላ የፊቱን ሁለት ፊደል ብቻ መታወቂያዬ ላይ ጻፈች። ፕላስቲኩ ከማተሚያው ሲወጣ ገና ትኩስ ነበር፤ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ስም ተጠራሁ። በላዩ ላይ የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርገውት፣ እኔን ራሴን በአባቴ ስም ይጠሩኛል፤ ወረፋ ላይ ሲጣሩ አባቴ ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኝና ዞር እላለሁ። ባለቤቴ በእሱ አባት፣ እኔ በእኔ አባት ስለምንጠራ ባልና ሚስት መሆናችንን ለማስረዳት ወረቀት ይዘን የዞርንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ስሙን ሸጠ ለሚለው ወንድሜ የመለስኩለት፣ አንዳንዱ ስም እንደማይሸጥ፣ ከእጅ ላይ እንደሚነጠቅ ነው። ሰውዬው ቢያንስ ምትኩን ራሱ መርጧል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ ክሩ ሜዳውን ለቀቀ። 11ኛው ስም መቀየር ለኢትዮጵያ እንግዳ እንዳልሆነ ለማሳየት ተፈሪ መኰንን ሲነግሡ ኃይለ ሥላሴ መባላቸውን ጠቀሰ። 12ኛው አረመው፤ ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስማቸው እንጂ አዲስ የወጣላቸው አይደለም፤ የፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ጠቅል ነው። ታዲያ ይህ መቀየር ሳይሆን ከነበሩት ስሞች አንዱን ወደ ፊት ማምጣት ነው የሚል ክርክር አቀረበ። 13ኛው ካሣ ኃይሉን፣ ማለትም ዐፄ ቴዎድሮስን አመጣ፤ እሳቸው ስሙን የወሰዱት ከትንቢት ነውና። ስለ ትንቢቱ አራት አንቀጽ ጻፈ። ደህና አንቀጾች ናቸው፤ ለዚህ ክር ግን አይደሉም። የመድረኩ ኃላፊ ወደ ተዋናዩ እንድንመለስ ያሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

14ኛው ምላሽ የዳላሷ እህት ሁለተኛ ጽሑፍ ነው፤ ከክሩ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ድራማውን ለዓመታት የተከታተለ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር አወጣች፤ ቪክተር ኒውማንም ስሙ ቪክተር ኒውማን አይደለም። በድራማው ታሪክ ሲወለድ የተሰጠው ስም ክርስቲያን ሚለር ነው። እናቱ ማሳደግ አቅቷት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ትታው ሄደች። ልጁ ሲያድግ የራሱን ስም ራሱ አወጣ፤ ቪክተር፣ ድል አድራጊ፤ ኒውማን፣ አዲስ ሰው። ከዓመታት በኋላ እናትየዋ ኮራ ተገኘች። እናቲቱን ሆና የተጫወተችው የቀድሞዋ የሆሊውድ ኮከብ ዶረቲ ማክጓየር ነበረች። ብሬደን ገጸ ባሕርዩ ክፉ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ሰልችቶት ሊተወው ያሰበበት ጊዜ ነበር፤ እንዲቆይ ያደረገው ከእናቲቱ ጋር የተገናኙበት ትዕይንት መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ያን ዕለት ነው ይህ ሰው ሊጫወቱት የሚገባ መሆኑ የገባው።

እንግዲህ ተመልከቱ። ስሙን የለወጠ ሰው፣ ስሙን የለወጠ ሰው ሆኖ 45 ዓመት ይጫወታል። የዳላሷ እህት አንድ ነገር ጨምራለች። የእውነተኛው ሰው ብቸኛ ልጅ የፊልም ዳይሬክተር ነው፤ ስሙ ክርስቲያን፣ የቤተሰብ ስሙም ብሬደን ሳይሆን ጉደጋስት። በ2018 በወጣው የዘረፋ ፊልሙ መግቢያ ላይ ያ ስም በትልቁ ተጽፏል። ሆሊውድ ከአባትየው የነጠቀው ስም በልጁ በኩል ሆሊውድ ገባ።

15ኛው የአሌክሳንድሪያው ሰው ነው። ይህ ሁሉ አጋጣሚ መሆኑን፣ ታሪኩን የጻፉት ደራሲዎች እንጂ ተዋናዩ እንዳልሆነ ከጻፈ በኋላ፣ በ1991 ብሬደን ከሥራ ባልደረባው ከፒተር በርግማን ጋር በእውነት መደባደቡን አነሣ። እውነት ነው፣ ተደባድበዋል። በድራማውም በርግማን የሚጫወተው ጃክ አቦት የቪክተር ደመኛ ነው። 16ኛው ግን ጥሩ አድርጎ መለሰለት፤ ከዚያ ጠብ በኋላ ሁለቱ ከ30 ዓመት በላይ ፊት ለፊት ቆመው አብረው ሠርተዋል። የእኔ አስተያየት ከተፈለገ፣ ከማይወዱት ሰው ጋር በየቀኑ አንድ ክፍል ውስጥ ውሎ ሥራን በአግባቡ መጨረስ ከማንኛውም ሽልማት ይበልጣል። ሽልማቱንም አላጣም፤ በ1998 ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት በቀን ድራማ መሪ ተዋናይነት ወስዷል፤ በ2007 ደግሞ ስሙ ሆሊውድ መንገድ ላይ ባለ ኮከብ ተቀምጧል። የትኛው ስም እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

17ኛዋ ነርስ ናት፤ ስለ ደመወዝ ጻፈች። በ2009 ብሬደን በክፍያ አልስማማ ብሎ መልቀቁን አስታውቆ ነበር፤ በኋላ ተስማምቶ ተመለሰ። ያ ጊዜ ለዘርፉ ክፉ ዘመን ነበር፤ ከሬዲዮ ጀምሮ 72 ዓመት የቆየው «ጋይዲንግ ላይት» በዚያው በ2009 ተዘጋ፣ «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» በ2010፣ «ኦል ማይ ቺልድረን» በ2011 ተከተሉ። ቤት ሲፈርስ ኪራይ ይጨመርልኝ የሚል ተከራይ የለም፤ ነርሷ እሱም ይህን አይቶ መመለሱን ገመተች። ሲቢኤስ በፌብሩዋሪ 2025 አዲስ የቀን ድራማ መጀመሩን፣ ታሪኩም ዋሽንግተን አጠገብ፣ እዚሁ እኛው ሜሪላንድ ውስጥ የሚካሄድ መሆኑን ነግራናለች። አሮጊቷ ሞክራዋለች። ውሳኔዋን ገና አላሳወቀችም።

18ኛው ኳስ ወዳድ ነው። ብሬደን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ማካቢ ለተባለ የአይሁድ ክለብ መጫወቱን፣ ክለቡም በ1973 የአሜሪካን ብሔራዊ ዋንጫ ማንሣቱን ጻፈ። 19ኛዋ ከእስራኤል፣ ቤተሰቧ በዘመቻ ከኢትዮጵያ የገባ፣ ከጦርነቱ በኋላ ያደገ ጀርመናዊ ያን ማልያ መልበሱ ለእሷ ከሁሉም በላይ የሚናገር ነገር መሆኑን ገለጸች። ማካቢ ማለት በጥንት ዘመን ለቤተ መቅደሱ የተዋጉት ወንድማማቾች ስም መሆኑንም አስረዳች። 20ኛው፣ ዲያቆን ሳይሆን አይቀርም፣ የእኛን መጽሐፈ መቃብያን ከእነዚያ ጋር እንዳናምታታ አስጠነቀቀ፤ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ታሪካቸው ሌላ ነው። የሳሙና ድራማ አንሥተን ወደ 81ዱ መጻሕፍት መድረሳችንን ልብ በሉ።

21ኛው ስለ ፒያኖው ዜማ ነው። ዜማው የሩማንያዊቷ ጂምናስቲከኛ የናዲያ ኮማነቺ ስም የተጣበቀበት በ1976 ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወዲህ ነው፤ አንድ የቴሌቪዥን ስፖርት ዝግጅት እንቅስቃሴዋን በዚያ ዜማ አጅቦ አሳይቷልና። እሷ ግን በውድድር ላይ አልተጠቀመችበትም። ሞንትሪያል የሚለውን ቃል ያየ ሀበሻ ዝም ሊል አይችልም፤ 22ኛው ወዲያው አፍሪካ ያንን ኦሊምፒክ ረግጣ ባትወጣ ኖሮ ምሩጽ ይፍጠር ምን ያደርግ እንደነበር መቆጨት ጀመረ። ሞስኮ ላይ በ1980 ሁለት ወርቅ ማግኘቱ አላጽናናውም። የምሩጽ ክርክር ሌላ ክር ተከፍቶለታል፤ እስካሁን አልተዘጋም።

23ኛዋ ከዱባይ ናት፤ አሠሪዎቿ ቱርኮች ናቸው። እመቤቲቱ የቪክተርን ፎቶ ስልኳ ላይ አይታ እንደጮኸች ጻፈች። ይህ ድራማ በ1990ዎቹ ቱርክ ውስጥ በቱርክኛ ተተርጉሞ፣ «የውሸት ነፋስ» የሚል ስም ወጥቶለት አገሩን ያዳረሰ ኖሯል። 24ኛው ከዚህ ተነሥቶ፣ ከ2016 ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የምናያቸው ቱርኮች ራሳቸው በልጅነታቸው በተራቸው የሰው ድራማ ሲያዩ ማደጋቸው እንዳስገረመው ጻፈ። እኔንም።

25ኛው ወደ ጥያቄዬ መለሰን። አንድ ሥራ ሰውን ያሳንሳል ወይ ብሎ፣ ወጋየሁ ንጋቱን አስታወሰ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከበትን ድምፅ የሰማ ሰው በዛብህንም ሰብለ ወንጌልንም ከዚያ ድምፅ ለይቶ ማሰብ እንደማይችል። 26ኛው ግን ተቆጣ፤ ወጋየሁ በመድረክ ላይ ስንት ዓይነት ሰው ሆኖ የሠራ ታላቅ ተዋናይ እያለ በአንድ ትረካ ብቻ የምናስታውሰው እኛ መሆናችንን፣ ጥፋቱም የእሱ ሳይሆን የእኛ መሆኑን በጠንካራ ቃል ነገረን። ተቆጥቶ ትክክል የሆነ ሰው ብዙ አይገኝም፤ እሱ ነበር።

27ኛው ያንን ይዞ ለብሬደን ጠበቃ ሆነ። በ1971 በዝንጀሮዎቹ ፕላኔት ተከታታይ ፊልሞች በአንዱ ሳይንቲስት ሆኗል፤ በ1997 «ታይታኒክ» ላይ ደግሞ ጆን ጄከብ አስተር፣ ከመርከቧ ተሳፋሪዎች ሁሉ ሀብታሙ። 28ኛዋ ያንን ትዕይንት መልሳ አይታው ገለጸችልን፤ ሰውዬው የደረጃው ምሰሶ ላይ ተጠግቶ ቆሟል፣ ውኃው ከታች እየወጣ ነው፣ ከዚያ በላዩ ያለው የመስታወት ጉልላት ይሰበርና ውኃው ይወርድበታል። ዓይኑ ላይ የሚታየው ፍርሃት ትወና አይመስልም።

29ኛው አጭር ነው። ብሬደን በሚያዝያ 2023፣ በ82 ዓመቱ፣ የፊኛ ካንሰር እንዳለበት ራሱ በቪዲዮ ለተመልካቾቹ ተናገረ፤ በነሐሴ ደግሞ ከካንሰሩ ነፃ መሆኑን አበሠረ። ጸሐፊው አባቱ በዚያው በሽታ መሞታቸውን ነግሮን ሌላ ነገር አልጨመረም። ሁላችንም ነፍስ ይማር አልን።

30ኛው እንደገና የአሌክሳንድሪያው ነው። አቋሙን አልለወጠም፤ ይህ ሥራ ነው፣ ኪነ ጥበብ አይደለም ብሎ ጸንቷል። ነገር ግን በመሐል አንዱ፣ ቪክተርና በድራማው ሚስቱ የሆነችው ኒኪ መጀመሪያ የተጋቡት በ1990ዎቹ ነው ብሎ ተሳስቶ ኖሮ፣ እርማቱን ያቀረበው ማን እንደሆነ ገምቱ። በ1984 መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ መፋታታቸውንና እንደገና መጋባታቸውን በቅደም ተከተል አስቀመጠልን። አንድም ቀን ተቀምጦ አላየሁም ያለው ሰው ነው። ቆሞ ሲያይ ኖሮ ይሆናል።

31ኛው የእኔ ነው፤ ቃሌን ያነሣሁበት። ሰኞ ዕለት ለአሮጊቷ ምሳዋን ሳቀርብ፣ ቪክተር በእውነተኛ ስሙ ሃንስ እንደሚባል ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ታውቃለች። ባሏ በሕይወት ሳለ ማታ ማታ የበረሃውን የጦርነት ድራማ አብረው ያዩ ነበር፤ ባልየው ያንን የጀርመን ካፒቴን አምርሮ ይጠላው ነበር፤ እሷ ግን መልኩን ትወደው እንደነበርና ለባሏ ሳትነግረው እንደቀረች እየሳቀች አወራችኝ። እኔም የራሴ ስም ሙሉው ምን እንደሆነ ልነግራት አፌን ስከፍት ፒያኖው ጀመረ። እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝና መነጽሯን መወልወል ጀመረች።